ሠላሳ ስምንቱ ድሎች በማን እጅ ተሠሩ? በሳውዝ ካሮላይና ዋንጫ ላይ ለቀረበ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ አሜሪካ የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የተጻፈ ጽሑፍ ልኮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የሚተቸው ከኖቬምበር 2023 እስከ ኤፕሪል 2024 በዘለቀው የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ አድርጎ 38ቱንም ያሸነፈውን የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሴቶች ቅርጫት ኳስ አንድም ጊዜ ሳይሸነፉ ዋንጫ መውሰድ የተለመደ ስለሆነ፣ ቡድኑም ያለ ተፎካካሪ አልጋ በአልጋ ስላሸነፈ ድሉ ብዙ ሊባልለት አይገባም፤ ዋንጫውን ያመጣችው ቁመተ ረጅሟ ካሚላ ካርዶሶ ናት፤ አሠልጣኝ ዳውን ስቴሊ ከየቦታው የተመረጡ ልጆችን ከመሰብሰብ ያለፈ ሥራ አልሠሩም፤ ቡድኑ በ2025 ፍጻሜ በኮኔቲከት 82 ለ 59 መረታቱ የቀደመው ዓመት ድል የዕድል ጉዳይ እንደነበረ ያሳያል፤ በመጨረሻም ያ ዓመት የሚታወሰው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲዋ ኮከብ በኬትሊን ክላርክ እንጂ ታሪኳን ባበላሸባት በአሸናፊው ቡድን አይደለም።

ጸሐፊው ስፖርቱን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ የጠቀሷቸው ውጤቶችም ትክክል ናቸው። እኔ የምከራከረው ውጤቶቹን ከተረጎሙበት መንገድ ጋር ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው «ኮከቧ ማን ናት?» ብሎ ስለሆነ፣ ኮከብ ሳይኖረው ያሸነፈ ቡድን ሲገጥመው ድሉን የሚሰጠው ሰው አጥቶ ለዕድል፣ ለቁመትና ለደካማ ተፎካካሪ ያከፋፍለዋል። ነጥቦቹን እንደ አቀራረባቸው ቅደም ተከተል እመለከታለሁ።

ሳይሸነፉ ዋንጫ መውሰድ የተለመደ ነው የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። በዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ሥር የሚካሄደው የሴቶች ብሔራዊ ውድድር ከተጀመረበት ከ1982 ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት የታየው አሥር ጊዜ ብቻ ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት፣ የኮኔቲከት ናቸው። ኮኔቲከትን ለይተን ካስቀመጥን፣ ዛሬ ከ350 በላይ ቡድኖች በሚወዳደሩበት በከፍተኛው ምድብ ይህን ያደረጉት ቴክሳስ በ1986፣ ቴነሲ በ1998፣ ቤይለር በ2012 እና ሳውዝ ካሮላይና በ2024 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። በወንዶቹ በኩል ከ1976ቱ ኢንዲያና ወዲህ ማንም አልቻለም። ኬንታኪ በ2015 38 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜ በዊስኮንሲን 71 ለ 64 ተሸነፈ። ጎንዛጋም በ2021 እስከ ፍጻሜው ሳይነካ ደርሶ በቤይለር 86 ለ 70 ተረታ። ራሱ ኮኔቲከትም ቢሆን 111 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በ2017 ግማሽ ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት በሚሲሲፒ ስቴት 66 ለ 64 ወድቋል። ሳውዝ ካሮላይና ደግሞ ይህን መራራ ጽዋ ለመቅመስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ በ2023 36 ጨዋታ አሸንፎ ዳላስ ላይ በአዮዋ 77 ለ 73 ሲሸነፍ፣ ክላርክ ብቻዋን 41 ነጥብ አስቆጥራበታለች። የተለመደ የምንለው ነገር ይህን ያህል ኃያላንን አፋፍ ላይ አድርሶ የሚጥል ከሆነ ቃሉን በጥንቃቄ መጠቀም ይገባናል።

ተፎካካሪ አልነበረም ለሚለውም ቢሆን ወቅቱ ሲጀመር ማን እንደተፈራ ማስታወስ ይበቃል። ከውድድሩ በፊት በወጣው የጋዜጠኞች ደረጃ አንደኛ የተባለው የ2023ቱ ባለ ዋንጫ ሉዊዚያና ስቴት ነበር፤ ሳውዝ ካሮላይና ስድስተኛ ነበር የተቀመጠው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አልያ ቦስተን፣ ዚያ ኩክ፣ ብሪያ ቢል፣ ለቲሺያ አሚሄሬና ቪክቶሪያ ሳክስተን፣ ማለትም አምስት ዋና ዋና ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሄደው ነበር፤ አምስቱም በአንድ ቀን ለሴቶቹ የባለሙያ ሊግ ተመርጠዋል። በቦታቸው የገቡት ልጆች የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በኖቬምበር 6 ፓሪስ ላይ ከኖትር ዳም ጋር አድርገው 100 ለ 71 አሸነፉ። ሉዊዚያና ስቴት በዚያው ቀን በኮሎራዶ ተሸነፈ። በሳምንቱ የወጣው ደረጃ ሳውዝ ካሮላይናን አንደኛ አደረገው፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ጸሐፊው እንዳሉት አልጋ በአልጋ አልነበረም። ማርች 9 ቀን ግሪንቪል ላይ ከቴነሲ ጋር የተደረገውን የኮንፈረንስ (ከብሔራዊው ውድድር በፊት የሚካሄደው የአካባቢ ሊግ) ግማሽ ፍጻሜ እንመልከት። ሳውዝ ካሮላይና በ23 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ያ ሁሉ ልዩነት ቀስ በቀስ ተበልቶ ሊያልቅ 1.1 ሰከንድ ሲቀር ቴነሲ 73 ለ 71 መራ። አንድ ሰከንድ ማለት ኳስ ተቀብሎ ለመወርወር ብቻ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ አንጥሮ ለመሄድም ሆነ ለማቀበል አይሆንም። ኳሷ የሄደችው በዩኒቨርሲቲ ሕይወቷ ከሦስት ነጥብ ርቀት አንድም ጊዜ አስቆጥራ ለማታውቀው ለካርዶሶ ነበር። ሁለት ሜትር የሚያልፍ ቁመት ያላት፣ ሥራዋ ሁሉ ከቀለበቱ ሥር የሆነ ልጅ፣ ከቅስቱ ውጪ ቆማ ወረወረች፤ ኳሷ ሰሌዳውን መታ ገባች፤ 74 ለ 73። በዚህ ውስጥ ዕድል አለ፤ አልክድም። ነገር ግን ሲመራ ቆይቶ መሪነቱን ያጣ ቡድን በመጨረሻዋ ሰከንድ ሳይደናገጥ የተነገረውን ቦታ ይዞ መቆሙ፣ ከዚያ ርቀት መወርወር ያልለመደች ልጅም ሳታመነታ መወርወሯ፣ የሥልጠና ውጤት ነው።

በማግስቱ ከሉዊዚያና ስቴት ጋር የተደረገው ፍጻሜ 79 ለ 72 አለቀ። በብሔራዊው ውድድር ኢንዲያና በ22 ነጥብ ተበልጦ ከቆየ በኋላ ልዩነቱን እስከ ሁለት ነጥብ አጥብቦ ሳውዝ ካሮላይናን አስጨንቆታል፤ ያንን ጨዋታ ያረጋጋችው ሬቨን ጆንሰን በመጨረሻው ደቂቃ ያስገባቻት የሦስት ነጥብ ኳስ ናት፤ 79 ለ 75። እንግዲህ ጸሐፊው «ያለ ተፎካካሪ» ሲሉ እነዚህን ምሽቶች የት አስቀመጧቸው?

አሁን ወደ ካርዶሶ ልምጣ፤ ክርክሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብዬ ልየው። ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። ብራዚላዊቷ ካርዶሶ በግማሽ ፍጻሜው ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን 78 ለ 59 ሲያሸንፉ 22 ነጥብና 11 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) አስመዝግባለች። በፍጻሜው ደግሞ 15 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዛ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብላለች። ሳውዝ ካሮላይና በዚያ ቀን በሪባውንድ 51 ለ 29 በልጧል፤ ይህም ያለ እሷ አይሆንም ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ሆኖም በዚያ የውድድር ዘመን የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ እሷው ሆና ሳለ አማካይዋ 14.4 ብቻ ነበር። ክላርክ በዚያው ዓመት በአማካይ ከ30 ነጥብ በላይ ታስቆጥር ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በአማካይ 15 ነጥብ የደረሰች አንዲትም ልጅ የለችም። ካርዶሶ በፌብሩዋሪ ለብራዚል ብሔራዊ ቡድን የኦሎምፒክ ማጣሪያ ለመጫወት ስትሄድ ቡድኑ ያለ እሷ አሸነፈ። ከሉዊዚያና ስቴት ጋር በተደረገው የኮንፈረንስ ፍጻሜ በተነሣ ግብግብ ተቃራኒ ተጫዋች ገፍትራ ከሜዳ በመባረሯ የብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ አለፋት (ድርጊቱ የሚያስወቅስ ነበር፤ አሠልጣኟም በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀውበታል)። ያንንም ጨዋታ ፕሬስቢቴሪያንን 91 ለ 39 አሸንፈው አለፉ። ፕሬስቢቴሪያን ደካማ ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን የተሸከመችው ቡድን እሷ ስትጎድል መንገዳገዱ የትም ቢሆን ይታያል፤ እዚህ አልታየም።

ከሁሉም በላይ ግን የፍጻሜው ጨዋታ ራሱ ለዚህ ነጥብ መልስ ይሰጣል። ኤፕሪል 7 ቀን 2024 በእኛ መጋቢት 29፣ የደብረ ዘይት ሰንበት ነበር። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክሊቭላንድ የሚተላለፈውን ጨዋታ ለማየት ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ልጄ በትምህርት ቤቷ ቡድን ውስጥ ተቀያሪ ናት፤ ስለዚህ ጨዋታ ስታይ ዓይኗ ሁልጊዜ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ይሄዳል። በዚያ ቀን የደብተር ወረቀት መሐል ለመሐል በእርሳስ ከፍላ፣ በአንዱ ጎን የአዮዋን፣ በሌላው የሳውዝ ካሮላይናን ተቀያሪዎች ነጥብ ልትመዘግብ ተቀመጠች። አዮዋ 10 ለ 0 ጀመረ። ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ አስቆጠረች፤ እኛም አለቀ አልን። ከዚያ ከወንበር የተነሡት መግባት ጀመሩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዋ ቴሳ ጆንሰን ገብታ ወረወረች፣ አስገባች፤ ደግማ ወረወረች፣ አስገባች። ልጄ በየጊዜው ታጎነብስና ትጽፋለች። ጨዋታው 87 ለ 75 ሲያበቃ ወረቀቱን አነሣሁት። በሳውዝ ካሮላይና በኩል በትንንሽ ቁጥሮች ተሞልቷል፤ ድምሩ 37 ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ የቴሳ ጆንሰን ናቸው። በአዮዋ በኩል ምንም አልተጻፈበትም። የአዮዋ ተቀያሪዎች በፍጻሜው ጨዋታ አንድም ነጥብ አላስቆጠሩም።

37 ለ 0። ጸሐፊው የዋንጫውን ባለቤት ሲፈልጉ ይህን ቁጥር አልጠቀሱም። ሁለቱ ቡድኖች ቋሚ ተሰላፊዎቻቸውን ብቻ ይዘው ቢሰለፉ የነጥቡ ብልጫ የአዮዋ ነበር፤ ዋንጫው የተለየው ቋሚ ተሰላፊ ባልሆኑት ልጆች ነው። በዚያ ቀን ከካርዶሶ ይልቅ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረችው ጨዋታውን ወንበር ላይ ተቀምጣ የጀመረች የ19 ዓመት አካባቢ ልጅ ነበረች። ቲ-ሂና ፓኦፓኦና ክሎዊ ኪትስ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ በላይ ጨምረዋል። ይህ ሁሉ እያለ ዋንጫው የአንዲት ልጅ ቁመት ውጤት ነው ማለት ለእነዚህ ልጆች የሚገባቸውን መንፈግ ነው።

ስቴሊ ልጆችን ከመሰብሰብ ያለፈ አልሠሩም የሚለውን ነጥብ ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። መሰብሰባቸው እውነት ነው፤ ካርዶሶ ከሲራኪዩስ፣ ፓኦፓኦ ከኦሬገን ተዛውረው የመጡ ናቸው። ነገር ግን በ2023 ክረምት ሉዊዚያና ስቴትም ዋንጫ ባነሣ ቡድኑ ላይ ሄይሊ ቫን ሊትን ከሉዊቪል፣ አኒሳ ሞሮውን ከዲፖል ጨምሯል። በስም ደረጃ ከዚያ የበለጠ ስብስብ በአገሩ አልነበረም። ያ ስብስብ ግን ወደ መጨረሻዎቹ አራት ለማለፍ ባደረገው ጨዋታ በአዮዋ 94 ለ 87 ተሸንፎ ቀርቷል። መሰብሰብ ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ የ2024 ዋንጫ ሉዊዚያና ስቴት ወዳለበት ወደ ባተን ሩዥ በገባ ነበር። ከባዱ ሥራ በየትኛውም ሌላ ቡድን ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ የሚሆኑ ስምንትና ዘጠኝ ልጆችን ይዞ፣ እያንዳንዷ ከምትፈልገው ያነሰ ደቂቃ እየተጫወተች ሳታኮርፍ ዓመቱን እንድትጨርስ ማድረግ ነው። ሚላይዢያ ፉልዊሊ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ 24 ነጥብ አስቆጥራ ሉዊዚያና ስቴትን የረታች ልጅ ናት፤ በአገር አቀፉ ፍጻሜ ግን የገባችው ከወንበር ተነሥታ ነው። እሷ ደግሞ ከሩቅ የተሰበሰበች አይደለችም፤ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኮሎምቢያ ከተማ ያደገች ልጅ ናት።

ስቴሊ በ2008 ሲመጡ የተረከቡት ቡድን ምን እንደነበረም መረሳት የለበትም። የመጀመሪያ ዓመታቸው 10 ድልና 18 ሽንፈት ነበር። ዛሬ 18,000 ሰው የሚይዘው ስታዲየማቸው ለሴቶች ጨዋታ የሚሞላው፣ ዋንጫዎቹም በ2017፣ በ2022 እና በ2024 የመጡት፣ ከዚያ ተነሥተው ነው። ከ2022 እስከ 2024 ባሉት ሦስት የውድድር ዘመናት 109 አሸንፈው የተሸነፉት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በመሐሉ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች ተቀይረዋል።

በ2025ቱ ሽንፈት ላይ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጸሐፊው ሁለተኛና አራተኛ ነጥቦች አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ዋንጫው የካርዶሶ ብቻ ከነበረ፣ እሷ በ2024 ለባለሙያ ሊጉ ሦስተኛ ተመራጭ ሆና ወደ ቺካጎ ቡድን ከሄደች በኋላ የመጣው ሽንፈት የሚያሳየው የእሷን መጉደል ነው፤ የቀደመው ድል ዕድል መሆኑን አያሳይም። ድሉ ዕድል ከነበረ ደግሞ ካርዶሶን ማመስገን አይቻልም። እኔ በበኩሌ ካርዶሶ በመሄዷ፣ የቡድን ጓደኛዋ አሽሊን ዋትኪንስም በጃንዋሪ ጉልበቷን ተጎድታ ከሜዳ በመራቋ ቡድኑ ከቀለበቱ ሥር ሳስቷል እላለሁ። ኮኔቲከትም በዚያ ዓመት በእርግጥ የተሻለ ነበር፤ በፌብሩዋሪ በኮሎምቢያ ሜዳ ላይ ሳይቀር 87 ለ 58 አሸንፏቸዋል፤ ዋንጫውም ይገባዋል። ያም ሆኖ ሳውዝ ካሮላይና 35 አሸንፎ፣ አራት ተሸንፎ ፍጻሜ ደርሷል። የ2025 ሽንፈት የ2025 ነው፤ የ2024ን መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ አይፍቅም።

የቀረው የክላርክ ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማው ብዙ ነው። ክላርክ የኮሌጅ ዘመኗን የጨረሰችው በ3,951 ነጥብ፣ በከፍተኛው ምድብ ወንድም ሴትም ያልደረሱበትን ክብረ ወሰን ይዛ ነው። የሴቶቹን ፍጻሜ በአማካይ 18.7 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶት፣ 14.8 ሚሊዮን ገደማ ካየው የወንዶቹ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበልጥ፣ አብዛኛው ተመልካች ቴሌቪዥኑን የከፈተው እሷን ለማየት መሆኑን አልጠራጠርም። ስቴሊም ዋንጫውን ሲቀበሉ፣ ገና በመድረኩ ላይ ሳሉ፣ ክላርክ ለስፖርቱ ስላደረገችው ሁሉ በስሟ ጠርተው አመስግነዋታል። እንግዲህ ተሸናፊዋን በድሉ ሰዓት ያመሰገነ ቡድን ታሪኳን አበላሸ መባሉ አይገባም። ታሪኳ አልተበላሸም፤ በዚያ ቀንም 30 ነጥብ አስቆጥራለች።

ነገር ግን እሷን ለማየት የመጡት 18.7 ሚሊዮን ሰዎች ያዩት ነገር ሌላም ነው። ከ30ው ነጥብ 18ቱ የመጀመሪያው ሩብ ናቸው፤ በቀሩት ሦስት ሩቦች ያገኘችው 12 ነው። ከወረወረቻቸው 28 ኳሶች የገቡላት አሥር ናቸው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዳላስ ላይ፣ ሬቨን ጆንሰን ከሦስት ነጥብ ርቀት ላይ ኳስ ይዛ ቆማ ሳለ ክላርክ «ትወርውር፣ አያስፈልጋትም» በሚል ምልክት እጇን አወዛውዛ ሳትጠብቃት ትታት ነበር። ያ ምስል በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። ጆንሰን ምስሉን ደጋግማ እንዳየችው፣ ጨዋታውን እስከ መተው ድረስ እንዳሰበች ራሷ ተናግራለች። አልተወችም፤ ክረምቱን ስትወረውር ከርማ ተመለሰች።

በክሊቭላንድ ክላርክን ከሩብ ሩብ እየተከተሉ ከጠበቋት ልጆች አንዷ ይህችው ሬቨን ጆንሰን ናት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ክላርክ ኳስ እያነጠረች ስትመጣ፣ ጆንሰን እጇን ሰድዳ ኳሷን ነጠቀቻት፤ ብቻዋን ሮጣም ከቀለበቱ ሥር አስገባች። ሳውዝ ካሮላይና 49 ለ 46 እየመራ ለዕረፍት ወጣ። በነጥብ ሰንጠረዡ ላይ በዚያ ቀን ከስሟ ጎን የተጻፈው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ የጸሐፊው ጽሑፍም ስሟን አንድም ቦታ አያነሣም።